«ድርና ማግ»፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች የሠሩት የልብስ ጨዋታ፣ ሦስተኛ ረቂቅ (ስህተቱን ንቀሱልን)

ጦሳ_ሥር | ክር ከፋች

የመድረኩ ሰዎች ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደሴ ውስጥ የ11ኛ ክፍል የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ተማሪዎች አንድ ጨዋታ ሠርተዋል፤ ስሙን «ድርና ማግ» ብለውታል። ልብስ ስንገዛ፣ ስንጠግንና ስንቀባበል ምን እንደሚወጣ፣ ምን እንደሚተርፍ ያሳያል። እንደ ገበጣ አንዱ የሌላውን አይበላም። አራቱ ተጫዋቾች የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ወይ አብረው ያሸንፋሉ ወይ አብረው ይሸነፋሉ። ተማሪዎቹ የሚፈልጉት ሙገሳ ሳይሆን ስህተቱ ተነቅሶ እንዲወጣላቸው ነው።

አሁን ያለው ሕግ ይህ ነው፦

ዓመቱ 6 ዙር አለው፣ አንዱ ዙር ሁለት ወር ነው። ጳጉሜ መቁጠሪያ ናት። መሀል ላይ «ቦርከና» የሚባል ክብ አለ፤ እዚያ 60 ቆርኪ ይቀመጣል። አንድ ቆርኪ 500 ሊትር ውሃ ነው።

እያንዳንዱ ልጅ በሁለት ልብስ ይጀምራል፦ የ2 ዙር ዕድሜ የቀረው የዩኒፎርም ሸሚዝ፣ የ3 ዙር ዕድሜ የቀረው ሱሪ ወይም ጉርድ ቀሚስ። በየዙሩ አንድ ከላይ አንድ ከታች መልበስ ግድ ነው። የተለበሰው ልብስ ካርድ ላይ ያለው መቆንጠጫ አንድ ደረጃ ይወርዳል። አንድን ልብስ በአንድ ዙር አንድ ሰው ብቻ ይለብሰዋል፤ በሚቀጥለው ዙር ግን ለሌላው መስጠት ይቻላል።

ዕድሜው ያለቀ ልብስ በአንድ መጣፊያና በአንድ ክር ይጠገናል። መጣፊያውና ክሩ ከሁለት የተለያዩ ልጆች መምጣት አለባቸው። ጥገናው 2 ዙር ይጨምራል፤ አንድ ልብስ የሚጠገነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በጠቅላላው 4 መጣፊያና 6 ክር አለ።

ሱቁ፦ የጥጥ ቲሸርት 5 ቆርኪ፣ ዕድሜው 5 ዙር። ጂንስ 16 ቆርኪ፣ ዕድሜው 8 ዙር። የፖሊስተር ማሊያ 0 ቆርኪ፣ 5 ዙር። ሰልባጅ 0 ቆርኪ፣ 3 ዙር።

ማጠቢያ፦ እያንዳንዱ ልጅ በየዙሩ 1 ቆርኪ። የክስተት ካርድ 30፤ በየተራው አንድ ይነሣል (ሚስማር ያዘው፣ በረኪና ፈሰሰበት፣ ክር ተላከላችሁ፣ የበዓል ካርዶች 4)። የእንዶድ ካርድ የወጣለት «ወንዙ ጸዳ» ብሎ 2 ቆርኪ ይመልሳል።

ጳጉሜ ላይ 15 ቆርኪና ከዚያ በላይ ከተረፈ ያሸንፋሉ።

ቁጥር_20_ክር

መምህርት፣ ተማሪዎቹን አመስግኚልን። ሥራው መሠረቱ ጥሩ ስለሆነ ነው እንዲህ ዘርዝሬ የምጽፈው።

የቲሸርቱና የጂንሱ ቁጥር ትክክል ነው። ለ1 ኪሎ የጥጥ ጨርቅ የዓለም አማካይ 10,000 ሊትር ገደማ ነው የሚባለው። 250 ግራም ቲሸርት 2,500 ሊትር፣ 800 ግራም ጂንስ 8,000 ሊትር ይመጣል። በእኛ አቆጣጠር በ20 ሊትሩ ጀሪካን 125 እና 400 ጀሪካን ማለት ነው። ካርዱ ላይ ሊትሩን ትታችሁ ጀሪካኑን ጻፉት፤ ውሃ የቀዳ ልጅ 400 ጀሪካን ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። አንድ ማስታወሻ ግን ይግባበት፦ ይህ ቁጥር የመስኖውን ብቻ ሳይሆን በጥጥ ማሳው ላይ የዘነበውን ዝናብና የተበከለውን ለማቅጠን የሚታሰበውን ውሃ ጭምር ይዟል። «ከወንዝ የተቀዳ 2,500 ሊትር» ተብሎ እንዳይነበብ።

ከዚህ ተነሥቶ ስያሜው ይሰናከላል። የጥጡን ውሃ ከቦርከና አይደለም የምትቆጥሩት። ጥጥ የሚበቅለው በመካከለኛው አዋሽ፣ በመተማ፣ በሁመራና በመሳሰለው ቆላ ነው። ቦርከና ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ ወደ አዋሽ የሚወርድ ወንዝ ነው፤ በልብስ ጉዳይ ለእንዲህ ያለ ወንዝ የሚያሰጋው ማቅለሚያ ነው። ጥጥ ሲቀለም ቀለሙ ሁሉ ክሩ ላይ አይዝም። የተረፈው ከጨውና ከአልካሊው ጋር በእጥበቱ ውሃ ይወጣል፤ ሳይጣራ ከተለቀቀ ወንዙን ያጨልመዋል፣ ብርሃን ወደ ታች እንዳይገባም ይከለክላል። ስለዚህ ሁለቱን ለዩ። የቆርኪው ክብ «እንስራ» ይባል። «ቦርከና» ደግሞ 7 ደረጃ ያለው የቀለም መስመር ይሁን፦ አዲስ ባለቀለም ቲሸርት ወይም ማሊያ 1 ደረጃ፣ ጂንስ 2 ደረጃ ይግፋ። 7 ላይ ከደረሰ ጨዋታው ያልቃል። ያልተቀለመ ነጭ ጋቢ 0 ነው።

ትልቁ ስህተት ማጠቢያው ነው። 4 ልጅ በ6 ዙር 24 ቆርኪ ሊያወጣ ነው፤ 12,000 ሊትር። በሳፋ በእጅ የሚታጠብ ቲሸርት ከነማለቅለቂያው 10 ሊትር ቢፈጅና 50 ጊዜ ቢታጠብ በዕድሜው ሙሉ 500 ሊትር፣ ማለትም አንድ ቆርኪ ብቻ ነው። በመኪና ታጥቦ በመኪና በሚደርቅበት አገር የእጥበቱ ድርሻ ከፍ ይላል፤ በተለይ የኃይሉ። በሳፋ አጥቦ ፀሐይ ላይ ለሚያሰጣ ቤት ያንን ስሌት መቅዳት ልጆቹን የተሳሳተ ነገር ያስተምራል። የማጠቢያውን ቆርኪ አውጡት። ማጠብ የሚጎዳው ልብሱን ነው፦ በረኪና ሲበዛ፣ በድንጋይ ሲታሽ፣ ባለቀለሙ ሳይገለበጥ ፀሐይ ላይ ሲውል ዕድሜው ይቀንሳል። ቅጣቱ መቆንጠጫው ላይ ይሁን።

ሌላው ማሊያው ነው። ውሃ ብቻ ከቆጠራችሁ ፖሊስተር ሁልጊዜ ያሸንፋል፤ አራቱም ማሊያ ይገዙና ነገሩ አለቀ። ፖሊስተር ከነዳጅ ነው የሚሠራው። አንድ ኪሎ ፖሊስተር ለማምረት የሚጠይቀው ኃይል ከጥጥ እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ መቁጠሪያ ያስፈልጋችኋል፤ ጠጠር ይበቃል። ለየ250 ግራሙ ጥጥ 1 ጠጠር፣ ፖሊስተር 2 ጠጠር፦ ቲሸርት 1፣ ማሊያ 2፣ ጂንስ 3። በ14 ጠጠር ጀምሩ፣ ጳጉሜ ላይ 6 ይትረፍ በሉ። ፖሊስተርን ግን ክፉ አድርጋችሁ አትሳሉት። ጠንካራ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ብዙ ጊዜ ይለበሳል። ጉዳቱ ሲታጠብ የሚረግፈው ደቃቅ ክርና ሲጣል አለመበስበሱ ነው።

እንዶዱን አስተካክሉ። እንዶድ ጥሩ ሳሙና ነው፤ ግን ወንዝ አያጸዳም። ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ያዩት፣ በእንዶድ ልብስ የሚታጠብበት ቦታ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች መሞታቸውን ነው። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው እጣቢ ዓሣንም ይጎዳል። ካርዱ «እጣቢውን ከወንዙ ራቅ አድርጋችሁ ድፉ» ይበል፣ ቆርኪ አይመልስ።

ጦሳ_ሥር

ማጠቢያው ላይ ተማሪዎቹም ተከራክረው ነበር፤ «ብዙ የምናጥበው እኛ ነን፣ እንዴት ትንሽ ይሆናል» ብለው ነው የጨመሩት። የ50 ጊዜውን ስሌት ሰሌዳ ላይ አሠራቸዋለሁ። እንስራና ቦርከና መለየቱም ጸድቋል። ሒሳቡን የሚያይልን ሰው ይኑር፤ 60 እና 15 በግምት የተቀመጡ ናቸው።

ባለ_ጠመኔ

ግምቱ መጥፎ አይደለም። ማጠቢያውን አውጥቼ፣ የክስተት ካርዱንም ለጊዜው ወደ ጎን ትቼ፣ የጥጥ ልብስ ብቻ እየገዙ ሲጫወቱ እንዲህ ይወጣል።

አራት ልጅ በ6 ዙር ከላይም ከታችም 24 ዙር ልብስ ይፈልጋል። በእጅ ያለው ከላይ 8፣ ከታች 12 ነው። ጉድለቱ ከላይ 16፣ ከታች 12።

ሁሉም ለየራሱ ቢገዛ፦ 4 ቲሸርት 20፣ 4 ጂንስ 64፣ ድምሩ 84። ከ60 በላይ ነውና ይሸነፋሉ። ጥሩ።

ሳይጠግኑ ጂንሱን ብቻ ቢቀባበሉ፦ 4 ቲሸርት 20፣ 2 ጂንስ 32፣ ድምሩ 52። የሚተርፈው 8፤ ይሸነፋሉ።

አራቱንም መጣፊያ ሸሚዝ ላይ አውለው ሳይቀባበሉ ቢቀሩ ግን እንደገና 84 ይመጣል! ምክንያቱም ሸሚዙ ከ2 ወደ 4 ቢደርስም ለ6 ዙር አይበቃም፤ እያንዳንዱ ልጅ ቲሸርቱን ይገዛዋል። ልጆቹ «ጠገንን ግን ምንም አልተረፈን» ብለው ግራ የሚጋቡት እዚህ ላይ ነው። ይህን አታጥፉት፤ ከጨዋታው በኋላ የሚነሣው ጥያቄ ይህ ይሁን።

ሸሚዝ ጠግነው ቢቀባበሉ፦ 2 ቲሸርት ለአራት ይበቃል፣ 10፤ 2 ጂንስ 32፤ ድምሩ 42፣ ተራፊ 18።

ሱሪውን ጠግነው ቢቀባበሉ፦ እያንዳንዱ ሱሪ 5 ዙር ይደርሳል፣ የሚጎድለው 1 ዙር ብቻ ነው። አንድ ጂንስ ለአራቱም ይዳረሳል፣ 16፤ ቲሸርት 4፣ 20፤ ድምሩ 36፣ ተራፊ 24። መጣፊያው ያው አራት ነው፤ የዋለበት ቦታ ግን 6 ቆርኪ ለየ። ከባዱን ልብስ አስቀድሞ መጠገን ማለት ይህ ነው።

ዋናው እቅድ የሚታየው መቀባበሉ ላይ ነው። የሁሉም ሱሪ በ3ኛው ዙር እኩል እንዲያልቅ ከፈቀዱ በ4ኛው ዙር አራቱም በአንዴ ይጎድልባቸዋል። ጂንሱ ገና በ1ኛው ዙር መገዛትና በተራ መለበስ አለበት፣ የራስ ሱሪ እያለ።

ጠጠሩንም አየሁት። በ42ቱ መንገድ 8 ጠጠር ይወጣል፣ በ36ቱ 7። ሁለቱም ከ14ቱ 6ና ከዚያ በላይ ያስተርፋሉ። የቦርከና ቀለም በሁለቱም 6 ላይ ይቆማል። ጠባብ ነው፣ ግን ያልፋል።

የበዓል ካርዶቹን ግን ከክስተቱ ክምር አውጧቸው። 30 ካርድ ውስጥ 4 ካሉና 24 ከተነሣ፣ አራቱም የሚወጡበት ዕድል 39 በመቶ ነው። በተቀረው ጨዋታ ቢያንስ አንድ በዓል ሳይከበር ዓመቱ ያልቃል።

ሰኞ_ባቲ

በዓሉን በተመለከተ እኔም ይህንኑ ልል ነበር። በዓል ድንገተኛ ክስተት አይደለም፣ ቀኑ ይታወቃል። ሰሌዳው ላይ ጻፉት፦ 1ኛ ዙር እንቁጣጣሽና መስቀል፣ 2ኛ ዙር ገና፣ 3ኛ ዙር ጥምቀት፣ 4ኛ ዙር ፋሲካ። ፋሲካ ብትንቀሳቀስም ከመጋቢትና ከሚያዝያ አትወጣም፤ ስለዚህ 4ኛው ዙር ውስጥ ናት።

ዒድ ግን ሰሌዳው ላይ አይጻፍ። የጨረቃው ዓመት ከፀሐዩ 11 ቀን ገደማ ያጥራል፤ ዒድ በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶቹን ሁሉ ይዞራል። ስለዚህ ዒድ ተንቀሳቃሽ ምልክት ይሁን። ጨዋታው ሲጀመር ዛር (ባለ ስድስት ፊት ዳይስ) ይጣል፤ የወጣው ቁጥር የዒድ አልፈጥር ዙር ነው። ዓረፋ ከዚያ ሁለት ወር ከምናምን በኋላ ስለሚመጣ በሚቀጥለው ዙር ላይ ይቀመጥ። 6 ከወጣ ዓረፋ ወደሚቀጥለው ዓመት አለፈ ማለት ነው። ወሎ ውስጥ አንድ ሰፈር ሁለቱንም ነው የሚያከብረው፤ ጨዋታውም ሁለቱን ይያዝ።

ሌላ የምለው፣ በበዓል አዲስ ልብስ የገዛውን አትቅጡት። ያ የቤተሰብን ደስታ መንካት ነው፣ ልጁም ጨዋታው ወላጆቹን የሚወቅስ ይመስለዋል። ይልቅ በዓሉ ሲደርስ ከአራቱ አንዱ «የታጠበና የተተኮሰ» ልብስ ያቅርብ በሉ። አዲስም ይሁን፣ ከታላቅ የተላለፈ፣ ወይም ከሣጥን የወጣ ጋቢ ይቆጠርለት። ያልቻሉ አንድ ክር ያውጡ።

ሰልባጁም ይነሣ። ያገለገለ ልብስ ለንግድ ማስገባት በአገራችን የተከለከለ ነው፤ የትምህርት ቤት ጨዋታ ሱቅ አድርጎ ባያቀርበው ይሻላል። ደግሞም 0 ቆርኪ ሆኖ የ3 ዙር ዕድሜ ከተሰጠው ጨዋታውን ያፈርሰዋል። «የተላለፈ ልብስ» በሉት፦ ቁጥሩ 2 ብቻ፣ ዕድሜው 1 ዙር፣ በክስተት ካርድ እንጂ በግዢ የማይገኝ።

መርፌና_ክር

ስለ ጥገናው ጥቂት ልጨምር። ሁሉም ጥገና እኩል 2 ዙር አይጨምርም።

የዩኒፎርም ሸሚዝ ቶሎ የሚያልቀው ኮሌታው ላይ ነው፤ አንገት የሚነካው እጥፋት ይበላል፣ ሌላው አካሉ ደህና ሆኖ። ይህ የሚጠገነው ኮሌታውን ፈትቶ በመገልበጥ ነው። ኮሌታው ከአንገቱ ማሰሪያ ጋር የተያያዘበት ስፌት ብቻ ይተረተራል፣ መሀሉ በእርሳስ ምልክት ይደረግበታል፣ ያልተበላው ገጽ ወደ ውጭ ዞሮ ተመልሶ ይገባል። ያው የተበላው እጥፋት ከሥር ይደበቃል። መጣፊያ ጨርቅ እንኳ አይፈልግም፣ ክር ብቻ። +2 ይገባዋል፣ የሚደገም ግን አይደለም፤ ሁለተኛ ፊት የለውምና። «አንድ ጊዜ ብቻ» ያላችሁት ሕግ እዚህ ላይ እውነት ነው።

ሱሪ የሚያልቀው ጉልበቱና እግሮቹ የሚገናኙበት ቦታ ነው። መጣፊያው ከቀዳዳው በየአቅጣጫው 2 ሴንቲ ሜትር ይበልጥ፣ ከውስጥ ይግባ፣ ድሩ ከሱሪው ድር ጋር በአንድ አቅጣጫ ይሁን። አዲስ ጨርቅ ከሆነ አስቀድሞ ይታጠብ፤ አለዚያ ከተሰፋ በኋላ ሲታጠብ ተኮማትሮ ዙሪያውን ይሸበሽበዋል። ለጂንስ 100/16 መርፌ፣ ለሸሚዝ 80/12። በቀጭን መርፌ ጂንስ የሰፋ መርፌውን ይሰብራል፣ ስፌቱም ይዘላል።

ቲሸርት ሌላ ነው። በሹራብ አሠራር የተሠራ፣ የሚለጠጥ ጨርቅ ነው። በተራ ሹል መርፌ ከተሰፋ መርፌው ዘለበቱን ይበጥሰውና ከስፌቱ ጎን ጎን ሌላ ቀዳዳ ይከፍታል። ጫፉ ድቡልቡል የሆነ መርፌና ዚግዛግ ስፌት ይፈልጋል፤ ቀጥ ያለ ስፌት ሲለጠጥ ይበጠሳል። የቲሸርት ጥገና +1 ይሁን።

የዚፕ ካርድም ጨምሩ። ዚፕ «ተበላሸ» ሲባል ብዙ ጊዜ ያረጀው ጥርሱ ሳይሆን የሚንሸራተተው ራሱ ነው፤ አፉ ይከፈትና ጥርሱን መግጠም ያቅተዋል። በፒንሳ ግራና ቀኙን ቀስ አድርጎ ቆንጠጥ ማድረግ ይበቃል። ካርዱ «ፒንሳ ያለው ጎረቤት አለ፤ ያለ መጣፊያ +1» ይበል።

አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም፤ አንድ ጂንስ ለአራት ልጅ እንዴት ይሆናል? ልክ የሚባል ነገር አለ።

ጦሳ_ሥር

እውነት ነው፣ አላሰብነውም። ሁለቱ ትልልቅ፣ ሁለቱ ትንንሽ ቢባሉስ?

መርፌና_ክር

እንደሱ ይሁን። ከትልቅ ወደ ትንሽ ይወርዳል፣ አንድ ክር ከፍለው ወገቡን ያጠብቡታል። ከትንሽ ወደ ትልቅ አይመለስም፤ ወገቡን የሚያሰፋው በስፌቱ ውስጥ የተረፈው ጨርቅ ብቻ ነው፣ ከፋብሪካ የመጣ ሱሪ ደግሞ ከ1 ሴንቲ ሜትር ብዙም አያስተርፍም። ቲሸርት ሰፋ ቢል ይለበሳል፣ በእሱ ላይ ልክ አትጻፉ።

ባለ_ጠመኔ

የልኩ ሕግ ሒሳቡን አያፈርሰውም፣ እንዲያውም ያሳምረዋል። ትልልቆቹ ጂንሱን በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ይለብሱታል፣ ጠብቦ ወደ ታናናሾቹ ይወርዳል። ክሩም ይበቃል፦ 4 ለጥገና፣ 1 ለማጥበቢያ፣ ከ6ቱ 1 ይተርፋል።

አዝዋ_ገደል

ከ36 የሚያንስ መንገድ አለ። ሦስት ሱሪ፣ አንድ ሸሚዝ ጠግኑ። የሱሪው ጉድለት 1፣ 1፣ 1 እና 3፣ ድምሩ 6። አንድ ጂንስ ስድስቱንም ዙር ሳያርፍ ይለበሳል፦ አንዱ ትልቅ በ1ኛው፣ ሌላው ትልቅ በ2ኛው፣ አንዱ ትንሽ በ3ኛው፣ ሱሪው ያልተጠገነለት ትንሽ ከ4ኛ እስከ 6ኛ። ከላይ ጉድለቱ 2፣ 4፣ 4 እና 4፣ ድምሩ 14፤ ሦስት ቲሸርት 15 ዙር ይሸፍናል። 15 እና 16 ሲደመር 31፣ ተራፊ 29። ከዚህ በታች እስካሁን አላገኘሁም።

በዚህ መንገድ የሚወጣው 6 ጠጠር ነው፣ ቦርከናም 5 ላይ ይቆማል። ከሦስቱ ቲሸርት ሁለቱን በማሊያ ብትቀይሩ 8 ጠጠር ወጥቶ ልክ 6 ይተርፋል፣ ታልፋላችሁ። ሦስቱንም ማሊያ ብታደርጉ በአንድ ጠጠር ትወድቃላችሁ። ስለዚህ ፖሊስተር አልተከለከለም፣ ግን በእሱ ብቻ ማምለጥ አይቻልም።

ባለ_ጠመኔ

አረጋገጥኩት፣ ልክ ነው። አንተ ልጅ ጎበዝ ነህ። እንግዲህ 15ቱ ይቆይ፤ በ31ዱ መንገድ ለክፉ ዕድል 14 ቆርኪ መጠባበቂያ አለ፣ በ42ቱ መንገድ 3 ብቻ። ከክስተት ካርዶቹ ዕድሜ የሚቀንሱት ከ8 አይብለጡ፤ ከዚያ ካለፈ በደንብ ያቀደውና ያላቀደው እኩል ይወድቃል።

ሐይቅ_ዳር

ለክፍል ውስጥ ሁለት ነገር ልጠቁም። በትብብር ጨዋታ ላይ ሁልጊዜ የሚመጣው ችግር አንዱ ፈጣን ልጅ ለሁሉም ማዘዙ ነው። ሦስቱ እጃቸውን አጣጥፈው አንዱ ይጫወታል። የክስተት ካርዱ ለባለቤቱ ብቻ ይታይ፤ ንግግሩም ወሰን ይኑረው። ስድስቱን ዙር በቡና ክፈሉት፦ አቦል 1ኛና 2ኛ ዙር፣ ቶና 3ኛና 4ኛ፣ በረካ 5ኛና 6ኛ። እቅድ የሚወራው አቦል፣ ቶናና በረካ ሲጀመሩ ሁለት ሁለት ደቂቃ ነው። ዙሩ ከተጀመረ በኋላ ሁሉም በራሱ ይወስናል፣ ልብስ መለዋወጥ ግን ይችላል። በምክክሩ ጊዜ መጀመሪያ የሚናገረው ከሁሉ ያነሰ ዕድሜ ያለው ልብስ የያዘው ልጅ ይሁን። ዝም ያለው ልጅ ይናገራል፣ የሚናገረውም ስለ እጥረቱ ይሆናል።

ሰዓቱ፦ 24 ተራ በ45 ሰከንድ 18 ደቂቃ፣ ምክክሩ 6፣ ማዘጋጃው 5፣ ከጨዋታው በኋላ ውይይት 8። ድምሩ 37፤ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ይገባል። ማዘጋጃው 5 ደቂቃ የሚሆነው ግን ዕቃው በየስብስቡ አስቀድሞ ተቆጥሮ ከረጢት ውስጥ ከገባ ነው። ሳይቆጠር ከመጣ 15 ደቂቃ ይበላል።

ካርቶን_ቆራጭ

60 ተማሪ ላለበት ክፍል 15 ስብስብ ያስፈልጋል። 60 ቆርኪ በ15 ሲባዛ 900 ቆርኪ ነው፤ ይህን አትልቀሙ። ቆርኪውን ሁለት ፊት አድርጉት፦ ጀርባው ቀለም ተቀብቶ ወደ ላይ ሲሆን 5፣ ተገልብጦ ውስጡ ሲታይ 1። 10 ቆርኪ በ5 ሃምሳ፣ 10 ቆርኪ በ1 አሥር፤ በ20 ቆርኪ 60 ሞላ። ለ15 ስብስብ 300 ይበቃል። በመዶሻ አትደፍጥጡት፤ የተደፈጠጠ ቆርኪ ጥርሱ ወደ ውጭ ተዘርግቶ ጣት ይቆርጣል። በቆሎ ወይም ሽንብራ እንቁጠር ካላችሁም ክረምት ሳይወጣ ነቀዝ ይገባበታል።

ካርዱ 63 በ88 ሚሊ ሜትር ከሆነ በአንድ ኤ4 ወረቀት 9 ይወጣል። 30 ክስተት 4 ወረቀት ማለት ነው፤ የሚተርፉት 6 ቦታዎች ለምትክ ይሁኑ። በተራው ባለ 80 ግራም ወረቀት ብቻ አትተዉት፤ ጽሑፉ ከጀርባ ይታያል፣ ያኔ የተደበቀ ካርድ የሚባል ነገር የለም። ከካርቶን ጋር የምታጣብቁ ከሆነ ከፊትም ከኋላም ወረቀት ለጥፉ። በአንድ ፊት ብቻ የተለጠፈ ካርቶን ኮላው ሲደርቅ ወደዚያው ይጎብጣል። ኮላው ቀጭን ይሁን፣ ሌሊቱን መጽሐፍ ተጭኖበት ይደር።

ለዕድሜ መቁጠሪያው የወረቀት ክሊፕ አትጠቀሙ፤ ከሃያ ሠላሳ ጨዋታ በኋላ የካርዱን ጠርዝ ይቦጭቀዋል። የልብስ መቆንጠጫ ይሻላል፣ ለጨዋታውም ይስማማል።

እንዝርት

ሰሌዳውን በአቡጀዲ ሥሩት፣ ታጥፎ ከረጢት ውስጥ ይገባል። 60 በ60 እንዲወጣ 64 በ64 ትቆርጣላችሁ፤ በየጎኑ 1 ሴንቲ ሁለት ጊዜ ታጥፎ ይሰፋል። ከመቆረጡ በፊት አቡጀዲው በሙቅ ውሃ ይታጠብ። አዲስ አቡጀዲ ይሰበሰባል፤ ከተሣለ በኋላ ከታጠበ ክቡ እንቁላል ይሆናል። ደግሞም በቀጭን የዱቄት ሙቅ ወይም በስታርች ነክራችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ተኩሳችሁ ሣሉበት፤ አለዚያ የማርከሩ ቀለም በክሩ ተከትሎ ይሠርጋል።

ጋቢ ካርድ ከጨመራችሁ እንደ ቲሸርት በሚዛን ብቻ አትቁጠሩት። ድሩ ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው፣ ማጉ በእንዝርት የተፈተለ። ነጩ አይቀለምም። ዕድሜውም በአንድ ሰው አያልቅም፦ ከአራቱ ድርብ ሁለቱ ሲሳሱ ተለይቶ ይሰፋል፣ ከዚያ ለሕፃን መታቀፊያ ይሆናል፣ ከዚያ መወልወያ። ካርዱ ሲያልቅ አይጣል፤ ተገልብጦ «መታቀፊያ»፣ ቀጥሎ «1 መጣፊያ» ይሁን።

ቁጥር_20_ክር

ይህ የጋቢ ካርድ አምስተኛ መጣፊያ ያመጣል፤ ባለ ጠመኔ ሒሳቡን ይይልን። ሌላ የረሳሁት፦ በየልብሱ ካርድ ጀርባ «በአንድ መልበስ» የሚል መስመር ይግባ። አንድ ዙር 10 ጊዜ መልበስ ከተባለ ቲሸርቱ 50 ጊዜ ይለበሳል፤ 125 ጀሪካን ለ50 ሲካፈል 2 ጀሪካን ተኩል ነው። 10 ጊዜ ተለብሶ የተጣለ ግን በአንድ መልበስ 12 ጀሪካን ተኩል ፈጀ። የተማሪዎቹ ጨዋታ ሊያሳይ የሚገባው ከሁሉ በፊት ይህን ይመስለኛል። የጨርቁ ዓይነት ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል።

የጨርቅ ዓይነት መለየት ካስፈለገ 3 በ3 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ካርዱ ላይ ለጥፉና መምህርቷ ብቻ ጥቂት ክር መዝዛ በወረንጦ ይዛ ታቃጥለው። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱ ግራጫና ለስላሳ ነው። ሱፍ እንደ ጸጉር ይሸታል። ፖሊስተር ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ቴትሮን፣ አብዛኛውን ጊዜ 65 ፖሊስተር 35 ጥጥ ሆኖ የሚመጣው፣ ሁለቱንም ያሳያል። ሥሩ አሸዋ ያለበት የሸክላ ሳህን ይቀመጥ፣ ውሃ ይቅረብ፣ መስኮት ይከፈት። የቀለጠ ፖሊስተር ቆዳ ላይ ከተንጠባጠበ ይጣበቃል።

ባለ_ጠመኔ

አምስተኛ መጣፊያ በ4ኛው ዙር ከመጣ አራቱም ሱሪና አንድ ሸሚዝ ይጠገናሉ፦ 1 ጂንስ፣ 3 ቲሸርት፤ ያው 31። የጋቢው ጥቅም ቆርኪ መቆጠቡ ሳይሆን ጂንሱን ማሳረፉ ነው፤ ከስድስት ዙር ወደ አራት ይወርዳል። ክሩ ግን 5 ለጥገና 1 ለማጥበቢያ ሆኖ 6ቱም ያልቃል፤ በዓል ላይ ልብስ ያላቀረበ የሚከፍለው አይኖረውም። ክሩን 7 አድርጉት።

ጦሳ_ሥር

ክሩ 7 ይሁን። አራተኛው ረቂቅ ላይ የገባው፦ እንስራ 60፣ ጠጠር 14፣ ቦርከና 7 ደረጃ፣ ሁለት ልክ፣ የዒድ ዛር፣ የቡናው ሦስት ምክክር፣ ሁለት ፊት ቆርኪ። የማጠቢያው ቆርኪና ሰልባጁ ወጥተዋል። ቆርኪውን የምንቀባው በምን ይሻላል? የውሃ ቀለም ሞክረው ይላጣል አሉኝ።

ካርቶን_ቆራጭ

የውሃ ቀለም ለስላሳ ብረት ላይ አይዝም። በአሸዋ ወረቀት ጀርባውን ፋቅ ፋቅ አድርጉት፣ አቧራውን በጨርቅ ጥረጉ፣ በዘይት ቀለም አንድ ጊዜ ቀቡ። እስከ ማግስቱ አትደራርቡት፣ ይጣበቃል።